የገና ዋዜማ ባዶ ማድ ቤት፦ የሁለት ሚስዮናውያን ገጠመኝ በጀርመን

እ.ኤ.አ. በ2023 ዲሴምበር 24 የዋለው እሑድ ነበር፤ 25 ሰኞ፣ 26 ማክሰኞ። በጀርመን ሱቆች እሑድ እሑድ ዝግ ናቸው፤ 25 እና 26 ደግሞ ሁለቱም በሕግ የታወቁ የገና በዓላት ናቸው። ስለዚህ ቅዳሜ ማታ በሩን የዘጋ ሱፐርማርኬት እስከ ረቡዕ ጠዋት አይከፍትም። የሚስዮናውያን የገበያ ቀን ደግሞ በአብዛኛው ሰኞ ነው። በአንዲት መካከለኛ የጀርመን ከተማ ያገለግሉ የነበሩ ሁለት ወጣቶች የገናን ዋዜማ ባዶ ማድ ቤት ታቅፈው የተቀመጡት ይህን አስቀድመው ባለማስላታቸው ነው። ረሃቡ ግን ከነገሩ ሁሉ ትንሹ ነበር።

ሥራውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት እንበል። በተለምዶ ሞርሞን የምትባለው የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ወጣት ወንዶችን ለ24 ወር፣ ወጣት ሴቶችን ለ18 ወር በሚስዮናዊነት ትልካለች። የት እንደሚመደብ ሚስዮናዊው አይመርጥም። ደመወዝም የለውም፤ ለምግብና ለመጓጓዣ የሚሆን ገንዘብ በየወሩ በካርድ ይገባለታል። ወንዶቹ ኤልደር፣ ሴቶቹ እህት እየተባሉ በቤተሰብ ስማቸው ይጠራሉ። ሁለት ሁለት ሆነው ይኖራሉ፣ ሁለት ሁለት ሆነው ይወጣሉ፤ ከባልደረባ ተለይቶ ብቻን መንቀሳቀስ አይፈቀድም። በሳምንት አንድ ቀን የዝግጅት ቀን አላቸው፤ ልብስ የሚያጥቡት፣ አስቤዛ የሚሸምቱት፣ ቤት የሚያጸዱትና ለቤተሰብ የሚደውሉት ያን ቀን ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ሥራው ይቀጥላል (ሰዓቱን ሁሉ በሐበሻ አቆጣጠር አስቀምጠነዋል)። በየስድስት ሳምንቱ ዝውውር ይመጣል። ለበዓል ወደ ቤት መሄድ የሚባል ነገር የለም።

ከሁለቱ ታናሹ ከአሜሪካዋ ዩታ ግዛት የመጣ የ19 ዓመት ልጅ ነው። በዚያው በዩታ፣ ፕሮቮ ከተማ በሚገኘው የሚስዮናውያን ማሠልጠኛ ጀርመንኛ ጀምሮ ጀርመን ከገባ ገና ሁለት ወር አልሞላውም። ታላቁ ብራዚላዊ ነው፤ ከቤተሰቡ መካከል የቤተ ክርስቲያኒቱ አባል እሱ ብቻ ነው። ወደዚያች ከተማ የተዛወረው ዲሴምበር ከገባ በኋላ ነው። ከእሱ በፊት በቦታው የነበረው ኤልደር የትኛው ቤተሰብ እንግዳ መቼ እንደሚቀበል፣ ማን መኪና እንዳለው፣ ማን በበዓል ብቻውን እንደሚውል ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ያን ሁሉ ግን በልቡ ይዞት ሄደ፤ በስልካቸው ላይ ባለው የአካባቢው መዝገብ አንድ መስመር አልተወም። ዝውውር በበዓል ሰሞን ሲውል ትልቁ አደጋ ይህ ነው። የሚማሩት ሰዎች ስም ይመዘገባል፣ የቀጠሮው ቀን ይመዘገባል፤ ለሚስዮናውያኑ ለራሳቸው የሚያስፈልገው እውቀት ግን ተራ ነገር ይመስልና ይዘለላል።

በአጥቢያው እንደተለመደው የምግብ ግብዣ ወረቀት ዞሮ ነበር። የ25 ምሳና የ26 ምሳ ወዲያው ተያዙ። የ24 ምሽት ባዶ ቀረ። ሁለት እናቶች በየፊናቸው «እናያለን፣ አትጨነቁ» ብለዋቸው ነበር፤ እያንዳንዷ ሌላይቱ የጠራቻቸው መስሏት ዝም አለች። ወረቀቱ ባዶ መሆኑን ያየ ሰው ሁሉ በቃል የተያዘ ቀጠሮ እንዳለ ገመተ።

ከዚህ ሌላ የልማድ ልዩነትም ነበረበት። ለዩታው ልጅ ገና ማለት የ25 ጠዋት ነው። ጀርመኖች ዘንድ ግን የበዓሉ እምብርት የ24 ምሽት ነው፤ የዛፉ መብራት ይበራል፣ ስጦታ ይከፈታል፣ ቤተሰብ በሩን ዘግቶ ለብቻው ይሆናል። ዘመድና እንግዳ የሚጠራው በማግሥቱና በሠልስቱ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ የተሞላው በክፋት ሳይሆን በአገሩ ወግ መሠረት ነበር። ልጁ «24 እኮ ዋዜማ ብቻ ነው» ብሎ አላሳሰበውም። ብራዚላዊው በአገሩም ቤተሰብ ማዕድ የሚቀርበው በ24 ሌሊት ስለሆነ ነገሩ ገብቶታል፤ አዲስ መጪ ሆኖ ለመጠየቅ ግን አፈረ።

እሑድ ከቅዱስ ቁርባኑ ስብሰባ በኋላ ሁሉም እጃቸውን ጨብጦ፣ መልካም ገና ተመኝቶላቸው ወደየቤቱ ሄደ። በዚያ ወቅት ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ፀሐይ ትጠልቃለች። በዚያ ምሽት የሰው በር ማንኳኳት ደግሞ ለሥራውም አይበጅም፤ የቤተሰብ ማዕድ ላይ የተቀመጠን ሰው ማስነሣት ለዓመት የሚቆይ ቅሬታ ይተክላል። ስለዚህ ወደ ቤት ገቡ። ማድ ቤት ውስጥ ግማሽ ኪሎ ፓስታ፣ ሁለት እንቁላልና የማርማላታ ትራፊ ነበር። በትላልቅ ባቡር ጣቢያዎች ያሉ ሱቆች እሑድም ይከፈታሉ፤ እነሱ ግን ሰንበትን ስለሚያከብሩ እሑድ አይሸምቱም።

ልጁ ክራቫቱን እንኳ ሳይፈታ አልጋው ላይ ወጥቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ብራዚላዊው ፓስታውን ቀቅሎ ጠራው፤ አልተነሣም። ትንሽ ቆይቶ «ኤልደር፣ እኔ እዚህ ለማን ነው የምጠቅመው? ቋንቋውን አልችል፣ የሚፈልገኝ ሰው የለ» አለ። ታላቁ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስልኩን እያነሣ መልሶ አስቀመጠ። በመጨረሻ የደወለው እንደ እሱው ወጣት ሚስዮናዊ ለሆነው የዲስትሪክት መሪያቸው ነው። የመሪው መልስ አጭር ነበር፦ «ለኤጲስ ቆጶሱ ደውል። አሁኑኑ።»

ኤጲስ ቆጶሱ (በዚህች ቤተ ክርስቲያን አጥቢያውን የሚመራ ባለትዳር ምእመን ነው) ሲሰማ ደነገጠ። «ምነው ልጆቼ፣ ባለቤቴ እኮ ሌላ ቤት ተጠርታችኋል ብላ ነው! ኮታችሁን ልበሱ፣ መጣሁ።» በዚያ ምሽት በጣም ብዙ የጀርመን ቤቶች የሚበሉት የድንች ሰላጣና የተቀቀለ ቋሊማ ነው፤ የሚመረጠውም ሴቲቱም ልጆቹም ማድ ቤት እንዳይታሰሩ ቀላል ስለሆነ ነው። ለሁለት ተጨማሪ ሰው የሚያስፈልገው ድስቱ ውስጥ አራት ቋሊማ መጨመር ብቻ ነበር። የሁለት ሰዓቱ ሐፍረት ሁሉ ለዚህ ነው። የከተማ አውቶቡስ በዚያ ምሽት ስለሚሳሳ ኤጲስ ቆጶሱ በራሱ መኪና መልሶ አደረሳቸው፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ቤታቸው ነበሩ። ልጁ በልቶ፣ ከቤቱ ልጆች ጋር ተጫውቶ፣ ደክሞት ተኛ።

እንዲህ ያለውን ምሽት የሚያስቀረው ትንሽ ሥራ ነው፤ ነገር ግን በጊዜ መሠራት አለበት። የግብዣው ወረቀት ሲዘጋጅ የ24 ምሽት ከላይ በመጀመሪያው መስመር ይግባ። ከዲሴምበር ሁለተኛ እሑድ በኋላ ባዶ መስመር ከቀረ፣ የአጥቢያው የሚስዮን መሪ ለጉባኤው በጥቅሉ ከማስታወቅ ይልቅ አንድ ቤተሰብ በስም ይጠይቅ። «ማን ይወስዳቸዋል?» ተብሎ ለሰባ ሰው የቀረበ ጥያቄ መልስ አያገኝም፤ ለአንዲት እናት ብቻ የቀረበ ግን ያገኛል። ቀጠሮው ከበዓሉ በፊት ባለው እሑድ እንደገና ይረጋገጥ፦ ስንት ሰዓት፣ የት፣ ማን ያመጣቸዋል፣ ማን ይመልሳቸዋል፣ የማይበሉት ነገር አለ ወይ። ቡና፣ ሻይና አልኮል እንደማይጠጡ አዲስ አባል ሁሉ ላያስታውስ ይችላል፤ በጀርመን ገና የሚቀርቡ አንዳንድ ኬኮችና ቸኮሌቶች ደግሞ ሩም አለባቸው። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ለሚቀጥለው ዓመት ሚስዮናዊ በመዝገቡ ይጻፍ።

አስቤዛውም እንዲሁ። በ2023 ለነበረው አቀማመጥ ሁለት ሰው ከቅዳሜ እስከ ረቡዕ ጠዋት ለማድረስ 2 ትላልቅ ዳቦ፣ 10 እንቁላል፣ 3 ሊትር ወተት፣ 2 ኪሎ ድንች፣ 1 ኪሎ ፓስታ ከቲማቲም ድልህ ጋር፣ ግማሽ ኪሎ አይብ፣ የበረደ አትክልትና ፖም ይበቃል። ግብዣ ቢኖርም ይገዛ፤ አንድ የታመመ ሕፃን ግብዣን ሊሰርዝ ይችላል። ይህ እንዲሆን በካርዱ ላይ ገንዘብ መቅረት አለበት፤ ወጣቶቹ ግን ለቤተሰብ ስጦታ ሲገዙ የወሩን ገንዘብ እስከ ዲሴምበር 20 ይጨርሱታል።

አሁን ወደ ስልኩ። እስከ 2019 መጀመሪያ ድረስ ሚስዮናውያን ወደ ቤት የሚደውሉት በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር፤ በገናና በእናቶች ቀን። ከፌብሩዋሪ 2019 ወዲህ በየሳምንቱ የዝግጅት ቀን በድምፅም በቪዲዮም ይደውላሉ። ብዙ ሰው ከዚህ ወዲህ የገናው ጥሪ ቀሏል ብሎ ያስባል። እኛ አይመስለንም። በየሳምንቱ የሚታየው እናትና አባት ብቻ ነው፤ በገና ግን ቤቱ ሙሉ ሆኖ ይታያል፣ የጎደለውም ራሱ ደዋዩ መሆኑ ይታወቀዋል።

የዩታው ልጅ በ25 የደወለው ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ነው፤ ዩታ በክረምት ከጀርመን 8 ሰዓት ወደኋላ ስለሆነች እዚያ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነበር። አያቶች፣ አክስቶች፣ የአጎት ልጆች ተሰብስበዋል። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። እያንዳንዱ «ናፍቀኸናል» ብሎ ለቀጣዩ አቀበለ። ጥሪው ከአንድ ሰዓት በላይ ቢቆይም እናቱን በወጉ ያገኛት መጨረሻ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ያኔ ደግሞ ሁለቱም ከማልቀስ ሌላ አልቻሉም። ብራዚላዊው ቀደም ብሎ 9 ሰዓት ላይ ደውሎ ነበር፤ ሳኦ ፓውሎ በ4 ሰዓት ወደኋላ ስለምትቀር እዚያ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ነው። እሱ እናቱን ብቻውን አገኛት፤ የገዙትን ነገር፣ የጎረቤቱን ወሬ፣ የሥራውን ውሎ አውርተው በ40 ደቂቃ ጨረሱ።

ቤተሰቦች ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። ዘመድ ሁሉ ሰላም የሚልበት የመጀመሪያው 10 ደቂቃ ይሁንና ከዚያ ስልኩ ወደ ሌላ ክፍል ይግባ፤ የቀረው ጊዜ የወላጅና የልጅ ነው። ልጁ የሚያስተምራቸውን ሰዎች በስም እየጠሩ ይጠይቁት፤ ካለበት ቦታ ጋር ያስተሳስረዋል። የአያት ሕመም፣ የቤት ሽያጭ፣ የታናሽ ወንድም ጥፋት ለዚያ ቀን አይነገር፤ ሊቆይ የማይችል ካልሆነ በቀር። የሚያበቃበት ሰዓት አስቀድሞ ይታወቅ። ደዋዩም የቤቱን ዋይፋይ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ይሞክረው፤ በዓል ቀን ጥገና የለም።

ከጥሪው በኋላ ያለው ሁለት ሰዓት ከበዓሉ ሁሉ የከፋው ነው። እነዚህ ሁለት ወጣቶች በዕድል የተረፉት ለ12:30 ቀጠሮ ስለነበራቸው ነው፤ ብቻቸውን የሚኖሩ አንድ አዛውንት ጠርተዋቸው ነበር። (አሮጊት ቢሆኑ ኖሮ ሌላ አዋቂ ሰው በቤቱ መገኘት ነበረበት፤ ሕጉን አክብሮ ባልና ሚስት ከአጥቢያው ይዞ መሄድ ቀላሉ መንገድ ነው።) በማግሥቱ ከሰዓት በኋላም በአረጋውያን መኖሪያ እንዲዘምሩ አጥቢያው ከሁለት ሳምንት በፊት አስፈቅዶ ነበር። ግማሽ ሰዓት ይበቃል፤ ግጥሙ በትልልቅ ፊደል ታትሞ ለአረጋውያኑም ይታደል፣ ሕዝቡ በቃሉ የሚያውቃቸው መዝሙሮች ይመረጡ። ንግግር የሚያቅተው የዩታው ልጅ ከወረቀቱ እያነበበ ዘመረ፤ እጁን ይዘው ያልለቀቁት ከነዋሪዎቹ አንዲት እናት ነበሩ። በጀርመን ከሰነበተ ወዲህ ሰው ሳያርመው በቋንቋው ግማሽ ሰዓት የቆየው ያኔ ነው።

ከቤት የተላከለት ሣጥን የደረሰው ግን በጃንዋሪ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ ከግለሰብ ለግለሰብ የሚላክን ስጦታ ያለ ቀረጥ የሚያስገባው ዋጋው እስከ 45 ዩሮ ሲሆን ነው፤ እናቱ ሁሉንም በአንድ ሣጥን አጭቃ ከዚያ በላይ ጻፈችበት፣ ሣጥኑም ጉምሩክ ቀረ። ውስጡ ያለው ቋንጣ ደግሞ ጭራሽ ተወረሰ፤ ከኅብረቱ ውጭ የሥጋም ሆነ የወተት ውጤት በፖስታ ማስገባት ክልክል ነው። ትንንሽ ጥቅል፣ እውነተኛ ዋጋ፣ ዝርዝሩ በግልጽ የተጻፈ፣ ኖቬምበር አጋማሽ ላይ የተላከ፣ አድራሻውም ልጁ ቢዛወር እንዳይጠፋ የሚስዮኑ ቢሮ የሆነ፤ እንዲህ ከሆነ በጊዜው ይደርሳል።

ናፍቆትንና ሕመምን መለየትም የባልደረባ ሥራ ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ ለሚስዮናውያን ባዘጋጀችው ትምህርት ውጥረት በአራት ቀለም ይለካል፦ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ። የዋዜማው ምሽት ብርቱካናማ ነበር ማለት ይቻላል፤ በልቶ፣ ሰው አግኝቶ፣ ተኝቶ ወደ ቢጫ ተመለሰ። በዓሉ አልፎ ከሳምንት በላይ እንቅልፍ ከጠፋ፣ ምግብ ከተዘጋ፣ ከአልጋ መነሣት ካቃተ በአካባቢው ላሉት ሚስዮናውያን ሁሉ አለቃ ለሆነው ለሚስዮኑ ፕሬዚዳንት ይነገር፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያ የሚያገናኙት እነሱ ናቸው። ራሱን ስለመጉዳት ካነሣ ደግሞ እስከ ነገ አይቆይም፤ በዚያው ደቂቃ ይደወላል፣ ባልደረባውም ከአጠገቡ አይለይም። ይህን ለአለቃ መናገር ጓደኛን አሳልፎ መስጠት የሚመስላቸው ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ አይደለም።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር 31 እሑድ፣ ጃንዋሪ 1 ሰኞ ስለነበር የሱቁ ነገር በሳምንቱ ተደገመ፤ በዚህ ጊዜ ቅዳሜ 30 ሸመቱ፣ ርችቱ መንገዱን ሳይሞላው በጊዜ ቤት ገቡ። በ2026 ዲሴምበር 25 ዓርብ፣ 26 ቅዳሜ፣ 27 እሑድ ይውላል፤ ሱቆች ሐሙስ 24 ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ዘግተው ሰኞ 28 ይከፈታሉ። ሐሙስ ጠዋት ሰልፉ ረጅም ስለሚሆን ሚስዮናውያኑ ሰኞ 21 የሚገዙት ሰባት ቀን መቆየት እንዳለበት አስበው፣ ዳቦውንና ወተቱን ለረቡዕ 23 ይተዉት።