ጥለት ቲሸርት ላይ ሲሰፋ ለምን ይጨማደዳል?

ከሐበሻ ቀሚስ የተረፈ ጥለት ቆርጬ ጥቁር ቲሸርት ላይ እሰፋለሁ። ቁራጩ ሽሮ ሜዳ ሰፊዎች ዘንድ አይጠፋም። ቆርጦ ማስቀመጡም አያስቸግርም። ልብሱን የሚያበላሸው የጠርዙ ስፌት ነው፤ የሚገርመው ስለሱ አስቀድሞ የሚናገር ሰው አለመኖሩ።

ቲሸርቱንም ጥለቱንም ለየብቻ አጥባለሁ። «ምን አስቸኮለህ፣ ከተሰፋ በኋላ ይታጠባል» የሚሉትን አልሰማም፤ በእጅ የተሸመነ ጥጥ ውሃ ሲነካው ይሰበሰባል፣ የተሰፋበትንም ይዞ ይኮማተራል። ከደረቀ በኋላ በጥለቱ ጀርባ በካውያ ሙቀት የሚጣበቅ ስስ ጨርቅ እተኩሳለሁ። መቀስ የሚነካው ከዚያ ወዲያ ነው፤ አለዚያ ማጉ ከድሩ እየሾለከ ይተረተራል። የሚያብለጨልጭ ክር ካለበት ካውያ በቀጥታ አላሳርፍበትም፤ ክሩ ሰው ሠራሽ ከሆነ በሙቀት ይሸበሸባል። በላዩ ጥጥ ጨርቅ ጣል ይደረግበታል።

አሁን ወደ አናዳጁ። ቲሸርት በድርና ማግ የተሸመነ አይደለም፤ ክሩ እንደ ሹራብ በቀለበት የተያያዘ ስለሆነ ይለጠጣል። ጥለቱ አይለጠጥም። ብዙ ሰፊዎች «ወጠር አድርገህ ስፋ» ይላሉ። ጂንስ ላይ ይሁን፤ ቲሸርት ላይ ግን የጥፋቱ ሁሉ ምንጭ ይኸው ምክር ነው። ተወጥሮ የተሰፋው ቲሸርት ከስፌት መኪናው ሲለቀቅ ወደ ልኩ ይመለሳል፣ ጥለቱ መመለስ ስለማይችል መሃሉ ያብጣል፣ ዙሪያው ይጨማደዳል። በካውያ አይስተካከልም፤ ያለው አማራጭ መፍታት ብቻ ነው፣ ሲፈታ ደግሞ የመርፌው ቀዳዳ ይቀራል።

ስለዚህ ቲሸርቱን ሳልወጥር ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ጥለቱን በእጅ ስፌት ላላ አድርጌ እይዛለሁ። ከስር ስስ ወረቀት አስገባለሁ፤ አብሮ ይሰፋና በመጨረሻ ተቀዶ ይወጣል። ጨርቁ እንዳይለጠጥ የሚይዘው እሱ ነው። መርፌው ጫፉ ድቡልቡል፣ ቁጥሩ 75 ወይም 80 ይሁን። ሹል መርፌ ቀለበቱን ይበጥሳል፤ ቀዳዳው የሚታየው ልብሱ ሲታጠብ ነው።

ጠርዙን የምሰፋው በዚግዛግ፣ ማለትም ግራና ቀኝ በሚመላለስ ስፌት ነው፤ ስፋቱን 3 ሚሊሜትር አደርገዋለሁ። ርዝመቱን፣ ማለትም በአንዱና በሚቀጥለው ውጋት መካከል ያለውን ርቀት፣ ግማሽ ሚሊሜትር አድርጎ ጥቅጥቅ ማድረግ የተለመደ ምክር ነው፤ እኔ ግን 1 ሚሊሜትር ላይ እተወዋለሁ። ቲሸርት ያን ያህል ክር ሲታጨቅበት ጠርዙ ይወላገዳል፤ መተርተሩን ደግሞ ከጀርባ የተጣበቀው ጨርቅ አስቀድሞ ገትቶታል። የታችኛው ክር ወደ ላይ ብቅ ካለ የላይኛውን ጥቂት ማላላት ነው። መርፌው በአንድ በኩል ጥለቱን፣ በሌላው ከጠርዙ ጥግ ቲሸርቱን ይውጋ። ወደ ውጭ በሚታጠፍ ኩርባ መርፌውን ቲሸርቱ ላይ፣ ወደ ውስጥ በሚገባው ጥለቱ ላይ ወግቼ፣ ጨርቁን የሚጫነውን የመኪናውን እግር አንስቼ ጨርቁን አዞራለሁ። መርፌው ከጨርቁ ወጥቶ ከዞረ ስፌቱ ክፍተት ያወጣል።

አንገት ዙሪያ የሚሰፋ ጥለት ላይ ከደንበኛ ጋር መከራከር የተለመደ ነው። የቲሸርቱ አንገት ጭንቅላት እስኪያልፍበት ድረስ መለጠጥ አለበት፤ ዙሪያውን በጥለት የታሰረ አንገት ወይ አይገባም ወይ ክሩ ይበጠሳል። የግድ ከተባለ ፊት ለፊት ብቻ እሰፋለሁ፣ ከኋላ ነጻ እተወዋለሁ።