የጥርስ ቀጠሮ ከሌሊቱ 8 ሰዓት

ለአንድ የጥርስ ክሊኒክ የቀጠሮ ማስታወሻ በኤስኤምኤስ የሚልክ ሲስተም ስንሠራ የሪኳየርመንት ሰነዱን፣ ማለትም ሲስተሙ ምን ምን ማድረግ እንዳለበት የሚዘረዝረውን ጽሑፍ፣ መጻፍ የእኔ ድርሻ ሆነ። 47 ገጽ ጻፍኩ። በመግቢያው ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የአይ ትሪፕል ኢ (የዓለም አቀፉ የመሐንዲሶች ማኅበር) 830 መመሪያ እያንዳንዱ መስፈርት አንድ ትርጉም ብቻ እንዲኖረው እንደሚጠይቅ በኩራት ጠቀስኩና፣ ገጽ 23 ላይ ስደርስ «መልእክቱ በቀጠሮው ዕለት 2፡00 ላይ ይላካል» ብዬ አሰፈርኩ። የምዝገባውን ቅጽ ቀለም ለመግለጽ ግን ግማሽ ገጽ አልበቃኝም ነበር።

ለእኔ 2፡00 ማለት ሰው ቁርሱን በልቶ ከቤት የሚወጣበት ሰዓት ነው። ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ለሚቆጥረው ሰርቨር፣ መልእክቱን ለሚልከው ኮምፒውተር፣ ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ፕሮግራሙን የሚጽፈው ዴቨሎፐራችንም ከሰነድ ዝንፍ የማይል ሰው ስለሆነ የተጻፈውን እንዳለ አስገባው፤ አልፈርድበትም። በሙከራው ወቅት መልእክቱን በእጃችን እየተጫንን ስለላክነው፣ ሰዓቱ እስኪደርስ የጠበቀ ሰው አልነበረም።

ከመጀመሪያዎቹ ታካሚዎች አንዷ፣ በሥራዬ ይኩሩ ብዬ ራሴ ያስመዘገብኳቸው አክስቴ ነበሩ። በዚያ ሌሊት የደረሳቸው መልእክት «የቀጠሮዎ ቀን ዛሬ ነው። እንጠብቅዎታለን።» የሚል ብቻ ነበር። የሚጠብቃቸው ማን እንደሆነ አይናገርም፤ የክሊኒኩ ስም ከመልእክቱ ጋር ይግባ ብዬ አልጻፍኩማ!

በሌሊት የሚጮኽ ስልክ መቼም ለደግ አይሆንም። አክስቴ መነጽራቸውን በዳበሳ ፈልገው፣ መልእክቱን ሁለት ጊዜ አንብበው፣ ጧፍ አብርተው ከጸለዩ በኋላ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ቀኔ ደርሷል መሰለኝ። የዕቁቡ ደብተር ከሳጥኑ ሥር ነው፤ የሁለት ወር ዕጣ ይቀረኛል።»

የጥርስ ቀጠሮ መሆኑን በእንቅልፍ ልቤ ሳስረዳቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም «ይህን የጻፈውን ሰው ታውቀዋለህ?» ብለው ጠየቁኝ። እንደማላውቀው ነገርኳቸው።

በማግስቱ አንቀጹን «ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ በሰርቨሩ አቆጣጠር 08፡00» ብዬ አርሜ፣ የክሊኒኩንም ስም ጨምሬ ለዴቨሎፐሩ ሰጠሁት። ቀስ ብሎ አነበበውና «በቀጠሮው ዕለት ያልከው፣ ዕለቱ የሚጀምረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው ወይስ ከንጋቱ 12?» አለኝ። ከመመለሴ በፊት ሰነዱን ከፍቼ «ዕለት» የሚለውን ቃል ብፈልግ 19 ቦታ ላይ አገኘሁት።