ዘበኛው

ዛሬ ከክሊኒኩ ወጥተን በቸርችል ጎዳና ቁልቁል በእግር ወረድን። ታክሲ መያዝ ሁለታችንንም አላሰኘንም።

ልጅ እምቢ ብሎን ሦስት ዓመት ሙሉ ስትመረመር የኖረችው ሚስቴ ናት። ደም፣ አልትራሳውንድ፣ የማህፀን ቱቦ ራጅ። ጸበሉም የሷ ነበር። ሽንቁሩ ሚካኤል ስትገባ እኔ መኪና ውስጥ ስልኬን እየነካካሁ እጠብቃታለሁ። ሐኪሞቹ «ባልሽን ይዘሽ ነይ» ባሏት ቁጥር ሥራ አለብኝ። እናቴም «የኔ ልጅ ምን ጎድሎበት!» ትላለች። አንዲት ብልቃጥ ናሙና ለመስጠት ሦስት ዓመት ፈጀብኝ።

ውጤቱ ግራ ያጋባል። ቁጥሩ ሸጋ ነው። ግን ስፐርሞቹ እርስ በርስ ተጣብቀዋል፤ አብዛኞቹ ላይ አንቲቦዲ፣ ሰውነት ጀርም የሚዋጋበት ፕሮቲን፣ ተለጥፏል። የገዛ ሰውነቴ የገዛ ዘሬን እንደ ጀርም ቆጥሮታል።

ዶክተሯ ደጋግመው አስረዱን። የሰውነት መከላከያ የራሱን ከባዕዱ መለየት የሚማረው ገና በልጅነት ነው። ስፐርም የሚመጣው ደግሞ በጉርምስና። ቀድሞ የተቀጠረ ዘበኛ ዘግይቶ የተወለደውን የቤቱን ልጅ አያውቀውም እንደማለት ነው። ለዚህ ነው የዘር ፍሬ ውስጥ ከደም የሚለያቸው አጥር ያለው። አጥሩ በጉዳት፣ በኢንፌክሽን ወይም በቀዶ ጥገና ሲፈርስ ዘበኛው ያያቸውና ይነሳባቸዋል። «እዚያ ቦታ ተመትተህ ታውቃለህ?» አሉኝ። በ16 ዓመቴ የሰፈር ኳስ ላይ የቀመስኩት ካልቾ ትዝ አለኝ። እሱ ይሁን አይሁን ማን ያረጋግጥልኛል?

መድኃኒት የለውም ወይ አልኩ። መከላከያውን የሚያዳክሙት ስቴሮይዶች ጉዳት አላቸው፤ ጥቅማቸውም አጠራጣሪ ነው። ዘሩን አጥቦ ማህፀን ውስጥ ማስቀመጥስ? አንቲቦዲው ተጣብቋላ፣ በማጠብ እሺ አይልም። እንቁላልና ስፐርም ከሰውነት ውጭ በሚገናኙበት በተለመደው አይቪኤፍም ስፐርሙ እንቁላሉን ራሱ ሰብሮ መግባት አለበት። ኢክሲ የሚሉት ግን አንዱን ስፐርም መርጦ በቀጭን መርፌ እንቁላሉ ውስጥ ያስገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1992 ከብራስልስ የተሰማ ዘዴ ነው። መዋኘት የለ፣ መስበር የለ። አንቲቦዲው ያኔ እምብዛም አያሰናክልም።

ደስ አለኝ። ትንሽ ቆይተው ግን፣ ከዚያ ወዲያ ውጤቱን ይበልጥ የሚወስነው የሴቷ ዕድሜ ነው አሉን። እሷ አሁን 38 ናት። ስንጀምር 35 ነበረች። መልስ አልሰጠሁም፤ ጫማዬን አየሁ።

ፖስታ ቤቱ ጋ ስንደርስ ቆመች።

«ለእማማ ማን ይንገራቸው?»

«እኔ» አልኳት። ስልኬን አውጥቼ ደወልኩ። ሁለቴ ጠራ። እማዬ ሳታነሳው ዘጋሁት።

«ድገመው» አለችኝ።