እንኳን አደረሳችሁ፤ ከሁሉ በፊት ለተረኛዋ አዋላጅ

ለ2018 ዓ.ም. እንኳን በሰላም አደረሳችሁ! ጳጉሜ 4 የሕዳሴ ግድባችን ተመርቆ የዘንድሮው እንቁጣጣሽ ደስታው እጥፍ ሆኗል። 5,150 ሜጋ ዋት ቀላል ነገር አይደለም። ከደመወዙ ቆርጦ ቦንድ የገዛ ሁሉ ደስ ይበለው፣ ይገባዋል።

እኔ ግን ስለ መብራት ሲወራ የማስበው የገጠር ጤና ጣቢያ ፍሪጅ ነው፣ ከወሊድ በኋላ የሚመጣውን መድማት የሚከላከለው ኦክሲቶሲን የሚባል መድኃኒት የሚቀመጥበት። ሕፃኑ በተወለደ በአንድ ደቂቃ ውስጥ እናቲቱ በጡንቻዋ 10 ዩኒት ትወጋለች፤ ማህፀኗ ተኮማትሮ ደሙን እንዲገታ። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቆየት አለበት። መብራት ጠፍቶ ሙቀት ውስጥ ሲሰነብት ኃይሉ ይደክማል፣ መልኩ ግን አይለወጥም፤ ብልቃጡ ውስጥ ያው ጥርት ያለ ፈሳሽ ነው። አዋላጇ ሁሉን እንደ ሥርዓቱ ሠርታ ማህፀኑ አልኮማተር ይላታል። ያልታከመ የድኅረ ወሊድ መድማት ደግሞ ጤነኛ የነበረችን እናት በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል።

መንግሥት ከኢኮኖሚ ዕድገትና ከዜጎች ደህንነት የቱን ያስቀድም ለሚለው ክርክር መልሴ ከዚህ ይነሣል፦ ደህንነቱን። ዕድገት አያስፈልግም አልልም፤ ግድብ ከሌለ ፍሪጁስ በምን ይሠራል? ነገር ግን የተሸጠው ኪሎ ዋት ሰዓት በአጠቃላይ የሀገር ውስጥ ምርት ስሌት ውስጥ ይገባል፣ ደሟ ቆሞላት ወደ ቤቷ የተመለሰችው እናት ግን አትገባም። ስለዚህ አዲስ መስመር ሲዘረጋ ጤና ጣቢያው ይቅደም። መስመሩ እስኪደርስ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ፍሪጅ ይግባ፣ ወይም ያንኑ ሥራ የሚሠራውና እስከ 30 ዲግሪ ሙቀት የሚችለው የካርቤቶሲን ዓይነት ይገዛ።

አድርገነውም አይተናል። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሲጀመር በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች አንድ ዓመት እየሠለጠኑ ተመደቡ። በ1992ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2008ቱ ጥናት 412። በጤና ተቋም የሚወልዱትም ከ5 ወደ 26 በመቶ ከፍ አሉ። በእነዚያ ዓመታት ኢኮኖሚውም አድጓል፤ ቤት ለቤት ዞረው ነፍሰ ጡሯን የመዘገቡት ግን እነዚያ ሴቶች ናቸው። 412ቱም ቢሆን ለቅሶ ነው።

ያለፈው ዓመት ለዚህ ሥራ ከባድ ነበር። ጥር ላይ የአሜሪካ እርዳታ ሲቋረጥ በኤችአይቪ ሕክምና ሥራ ላይ ተሰማርተው የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው እንዲቋረጥ ተደረገ። የሰውን ጤና በሌላ ሀገር ምርጫ ላይ ማንጠልጠል ምን እንደሚያስከትል በአንድ ወር አየነው። ግንቦት ላይ ደግሞ ሐኪሞችና ነርሶች በደመወዛቸው መኖር እንዳቃታቸው በአደባባይ ተናገሩ። እነዚህን ሰዎች ማኖር የበጀቱ ትርፍራፊ ሥራ መሆን የለበትም። በጀት የምትይዙ ወንድሞችና እህቶች፣ የበዓል ምኞቴ ለእናንተ ይህ ነው፦ ዘንድሮ የመጀመሪያው መስመር የእነሱ ይሁን።

ምስጋናዬም ብዙ ነው። በአንድ እጇ ማህፀን እያሸች በሌላው ግሉኮስ የምትከፍተው አዋላጅ፣ እግዜር ይስጥልን። ደም በዓይን ሲገመት ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው መጠን አንሶ ይገመታል፤ ከእናቲቱ ሥር የሚነጠፈው ባለ መለኪያ ፕላስቲክ ግን 500 ሚሊ ሊትር መድረሱን ያሳያል። በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ ተሞክሮ በ2015 ዓ.ም. ውጤቱ ሲታተም፣ ይህ መለኪያ ከፈጣን ሕክምና ጋር ተጣምሮ ከባድ መድማትንና የሚያስከትለውን ጉዳት በ60 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ዘንድሮ በየማዋለጃ ክፍላችሁ እንዲገባላችሁ እመኛለሁ። ቃሬዛ ተሸክማችሁ ዳገት የወጣችሁ ጎረቤቶች፣ በእናቶች ማቆያ ገንፎ የምታገነፉ እናቶች፣ ዛሬም በበዓሉ ጧትና ማታ የፍሪጁን ሙቀት የምትመዘግቡ የፋርማሲ ሠራተኞች፣ እጃችሁ ይባረክ።

በመስከረም ለምትወልዱ እህቶቼ፦ ቤታችሁ ከጤና ጣቢያ ሩቅ ከሆነ ቀኑ ሳይደርስ ማቆያ ግቡ። ደም የሚሰጡ ሁለት ሰዎች ከወዲሁ ለዩ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፤ በባላችሁም በጎረቤታችሁም ስልክ ላይ ይመዝገብ። መልካም አዲስ ዓመት፣ ማርያም ትቅረባችሁ።