ለመጀመሪያው የኦፍሮድ ጉዞ «ምን ልግዛ?» ለምትሉኝ

ለመጀመሪያ ጊዜ ከቡድን ጋር ኦፍሮድ (ከአስፋልት ውጭ፣ በአስቸጋሪ መንገድ) ሊወጣ ያሰበ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። ምን ልግዛ? ትልቅ ጎማ ላስገባ? መኪናዋን ከፍ ላስደርጋት? ዊንች (መኪናዋ ላይ የሚገጠም ገመድ እየጠቀለለ የሚስብ ሞተር) ያስፈልገኛል ወይ? መልሴ አጭር ነው፦ ለጊዜው ገንዘባችሁን ኪሳችሁ አቆዩት። ሎው ማርሽ (ፍጥነት ቀንሶ ጉልበት የሚጨምረው ተጨማሪ ማርሽ) ያላት፣ ሆዷ ከመሬት ደህና ከፍ ያለች፣ ጤነኛ የሆነች ፎርባይፎር (በአራቱም ጎማ የምትነዳ መኪና) ለጀማሪ በተመረጠ መንገድ ላይ በደንብ ትበቃለች። የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ሹፌሩ መኪናዋን ማወቁ ነው። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፤ በቡድን ስትሄዱ የአንዱ መኪና ችግር የሁሉም ችግር ነው። አንዷ ራዲያተሯ አፍስሶ ከቆመች ከፊትም ከኋላም ያለው ሁሉ አብሯት ይቆማል።

ስለዚህ ከጉዞው ሳምንት ቀደም ብላችሁ መኪናዋን ከሥሯ እዩዋት። (በክሪክ ብቻ ከተያዘች መኪና ሥር ግን በምንም ተአምር እንዳትገቡ።) የፊት ጎማዎቹን ከሚያዞረው አክሰል ጫፍ ላይ ያለውን ጥቁር የጎማ ሽፋን በእጃችሁ ገለጥ ገለጥ እያደረጋችሁ ተመልከቱት። ተቀዶ ከሆነ ግራሶው ወጥቶ ዙሪያውን ረጭቶት ታገኙታላችሁ። ግራሶ የወጣበት ቦታ አቧራና ውሃ ይገባበታል፣ ከዚያ መገጣጠሚያው ብዙም አይቆይም። የመሪ ቴስቲና (መሪውን ከጎማው ጋር የሚያያይዘው መገጣጠሚያ) የሚወዛወዝ ከሆነ አስቀይሩ። ዘይት የሚያለቅስ አሞርቲዛተር ካለም እንደዚያው። ኮፈኑን ከፍታችሁ ቺንጋውን፣ የውሃ ጎማዎቹን፣ የባትሪውን ማሰሪያ እዩ፤ አስፋልት ላይ ለዓመታት ችላ ያላችሁት የላላ ባትሪ ኮረኮንች ላይ አንድ ሰዓት አይቆይላችሁም።

ስኮርታ ጎማው መኖሩን ማየት ብቻ አይበቃም። አውርዱት፣ ንፋሱን ለኩት፣ ከሌሎቹ ጋር እኩል መሆኑን አረጋግጡ። ከዚያ ክሪኩንና የጎማ መፍቻውን አውጥታችሁ አንድ ጎማ እቤታችሁ ደጅ ፈታችሁ ግጠሙ። በልዩ ቁልፍ ብቻ የሚፈታ ቡሎን ካላችሁ ቁልፉ የት እንዳለ ያኔ ይታወቃል። ክሪክ ለስላሳ አፈር ላይ ስለሚሰምጥ ከሥሩ የሚነጠፍ ጠንካራ ጣውላም ያዙ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከአስፋልት ስትወጡ ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው ነገር ምንም አያስወጣም፤ ከጎማ ላይ ንፋስ መቀነስ ነው። አስፋልት ላይ 35 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ ግፊት መለኪያ) አካባቢ የሚሞላ ጎማ ድንጋያማ መንገድ ላይ ወደ 25 ወይም 22 ሲወርድ መኪናዋ ሌላ መኪና ትሆናለች። ለስላሳ አሸዋ ላይ ወደ 18 ይወረዳል። ከ15 በታች ግን በተራ ቸርኬ አትሞክሩት፣ መሪ ስትጠመዝዙ ጎማው ከቸርኬው ሊወልቅ ይችላል። እነዚህ ቁጥሮች እንደ መኪናዋ ክብደትና እንደ ጎማው ዓይነት ከፍ ዝቅ ይላሉ፣ ስለዚህ የእናንተን ዓይነት መኪና የሚነዳ የቡድኑን ሰው ጠይቁ።

ጎማው አጠገብ ተንበርከኩና አንዴ በዓይናችሁ እዩት። የቫልቩን (የንፋስ መግቢያውን) ክዳን ፈታችሁ ኪሳችሁ ክተቱ፤ አለበለዚያ አቧራው ውስጥ ትጠፋለች። የቫልቩን መሃል ስትጫኑት ንፋሱ ይጮሃል፣ ትንሽ ቆይቶ ከታች ያለው የጎማው ጎን ሆዱ ወጣ ይላል። ሰው ሁሉ ጎማው ሰፋ ብሎ ይመስለዋል፤ መሬት የሚነካው ክፍል በብዛት የሚጨምረው ግን በርዝመቱ ነው። ጎማው ድንጋዩን በመግጨት ፈንታ ያቅፈዋል፣ አሸዋውን እየቆፈረ ከመስመጥ ይልቅ ላዩ ላይ ይሄዳል፣ የወገባችሁም ህመም ይቀንሳል። ዋጋው ፍጥነት ነው። ንፋስ የቀነሰ ጎማ ጎኑ ቶሎ ቶሎ ስለሚታጠፍ ይግላል፣ ስለዚህ ዝግ ብላችሁ ንዱ። ጎኑ ወጣ ስላለም ስለት ካለው ድንጋይ አርቃችሁት እለፉ። አራቱንም እኩል አውርዱ፣ የንፋስ መለኪያ ጌጃችሁም የራሳችሁ ይሁን። ስትመለሱ መሙያ ኮምፕሬሰር ያስፈልጋል፣ ቢያንስ በቡድኑ ውስጥ አንድ ሁለት ሰው መያዙን ቀድማችሁ አረጋግጡ። ከባትሪው ላይ በቀጥታ የሚሰካው ይሻላል፤ ከሲጋራ መለኮሻው የሚሰካው ትልቅ ከሆነ ፊውዝ ያቃጥላል።

ሁለተኛው ነገር መጎተቻ ነው፣ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። መኪናችሁ ከፊትም ከኋላም የሚጎተትበት ጠንካራ ቦታ ከቻሲው ጋር በቡሎን የታሰረ ጋንቾ መሆን አለበት። ከሥር የምታዩዋቸው ቀጫጭን ቀለበቶች ብዙ ጊዜ መኪናዋ መርከብ ወይም ጭነት መኪና ላይ ስትጓጓዝ የምትታሰርባቸው ናቸው፣ ጭቃ ውስጥ የተቀረቀረች መኪና ለመሳብ አልተሠሩም። ተጎታች የሚታሰርባት ክብ የብረት ኳስ ላይማ ገመድ በጭራሽ አታስሩ። ተሰብራ እንደ ጥይት ትወረወራለች፤ በዚህ ሰው ሞቷል። የቱ ጋ እንደሚታሰር አስፋልት ላይ ቆማችሁ፣ ንጹህ ልብስ ለብሳችሁ ፈልጉት። ጭቃ እስከ ፓራውልት ከደረሰ በኋላ መፈለግ ሌላ ጣጣ ነው።

ለዚህ ሥራ የሚሆነው የሚለጠጥ ገመድ ነው። እየተለጠጠ ጉልበቱን ቀስ አድርጎ ስለሚያስተላልፍ መኪናዋን አያስደነግጣትም። ሰንሰለትና የብረት ገመድ አይለጠጡም፣ ስለዚህ በፍጥነት ተንደርድሮ መንጠቅ አንድ ነገር ይበጥሳል። ገመዱ ሲወጠር በመኪናዎቹ ውስጥ ከሹፌሮቹ በቀር ማንም አይኑር፣ ውጭ ያለው ሰውም ከገመዱ ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ ይራቅ። ስልክ ይዞ ለመቅረጽ የሚጠጋ ሰው ሁሌም አይጠፋም፣ አባርሩት። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አካፋ አለ። ከጎማው ፊት ያለውን አፈር አሥር ደቂቃ መዛቅና ከጎማው ንፋስ ትንሽ መቀነስ ብዙ ጊዜ ገመድ እንዳይወጣ ያደርጋል።

የአጫጫኑ ነገር ቀላል ነው። ከባዱን ወደ ታችና ወደ መሃል፣ ሁሉንም በገመድ አስራችሁ። ፖርቶመጋላ ላይ የሚቆለል ነገር መኪናዋ በጎን ባዘመመች ቁጥር ወደ ታች ይስባታል፣ ባይኖር እመርጣለሁ። ነዳጅ ሙሉ ይሁን፤ በሎው ስትሄዱ የምትበላው ነዳጅ አስፋልት ላይ ከምታውቁት በጣም ይበልጣል። ውሃ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥንና የእሳት ማጥፊያ በእጅ በሚደረስበት ቦታ ይቀመጡ። የት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ቤት ለሚቀር ሰው ንገሩ።

አሁን ስለ ቡድኑ። ፊት የሚመራ አንድ ሰው፣ ጅራት ላይ የሚዘጋ አንድ ልምድ ያለው ሰው ይኖራል። እናንተ መሃል ናችሁ። የመሃሉ ሰው ትልቁ ሥራ ከፊት ያለውን መከተል ሳይሆን ከኋላው ያለውን በመስታወት ማየት ነው። መገንጠያ ላይ ደርሳችሁ ከኋላ ያለችው መኪና ካልታየች ቆማችሁ ጠብቁ። እያንዳንዱ ሰው ይህን ካደረገ ማንም አይጠፋም፤ አንድ ሰው ብቻ ከዘለለ ግን ግማሹ ቡድን ሌላ ሸለቆ ውስጥ ይገኛል። አቧራ ካለ ራቅ በሉ። አስቸጋሪ ዳገት ላይ አንድ በአንድ ነው የሚወጣው፤ ከፊት ያለው «አልፌያለሁ» እስኪል ከታች ቆዩ፣ ምክንያቱም እሱ ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። የእጅ ሬዲዮ ካለ የትኛው ቻናል እንደሆነ ከመነሳታችሁ በፊት ሞክሩት።

ከባድ ቦታ ላይ አንድ ሰው ወርዶ በእጅ ምልክት ይመራችኋል። አንድ ሰው! እዚያ ስትደርሱ አምስት ሰው ድንጋዩ ዙሪያ ቆሞ «ወደ ግራ!» «ኧረ ቀኝ ያዝ!» «ቀጥ በል፣ ቀጥ!» ሲል ትሰማላችሁ። መስኮታችሁን ዝቅ አድርጉ፣ የምታምኑትን ምረጡ፣ ከዚያ የሌላውን ድምፅ እንዳልሰማ እለፉት። የሱ ቀኝና የናንተ ቀኝ ፊት ለፊት ስትተያዩ ስለሚለያዩ በቃል ሳይሆን በእጅ ያመልክት። እሱን ማየት ባቃታችሁ ቅጽበት ፍሬን ያዙ።

መንገዱ ካስፈራችሁ ደግሞ «እኔ በዙሪያው ልሂድ» በሉ። ይህን ማለት መብታችሁ ነው፤ ጥሩ መሪም የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። በዚህ የሚያሾፍ ቡድን ለመጀመሪያ ጉዞ የሚሆን ቡድን አይደለም፣ ይህን ያለ ምንም ማቅማማት እናገራለሁ።

የአነዳዱን ነገር መሬት ላይ ትማሩታላችሁ፤ ጥቂቱን ብቻ ልበል። ሎው ማርሽ የሚገባው ችግሩ ጋ ከመድረስ በፊት ነው፤ ቆማችሁ፣ ፎሌ አድርጋችሁ (ማርሹን ነፃ አውጥታችሁ) አስገቡ። ብዙ መኪና ላይ ይህ ማርሽ ለዓመታት ስላልተነካ ይደርቃል፣ ስለዚህ ቀድማችሁ አፈር ላይ ሞክሩት። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን አይሆንም፤ ስትታጠፉ የፊትና የኋላ ጎማ የሚሄዱት ርቀት ስለሚለያይ ካምቢዮው ይጨናነቃል። ቁልቁለት በአንደኛ ማርሽ በሞተሩ ጉልበት ተይዛችሁ ውረዱ። ዳገት ላይ አልወጣ ካለች ለመዞር አትሞክሩ፣ ኋላ ማርሽ አስገብታችሁ በመጣችሁበት ቀጥ ብላችሁ ተመለሱ፤ በጎን የቆመች መኪና ልትገለበጥ ትችላለች። አውራ ጣታችሁን በመሪው ቀዳዳ ውስጥ አታስገቡ፣ ጎማው ድንጋይ ሲመታ መሪው ድንገት ይሽከረከራል። ውሃ ካለ ጥልቀቱንና ኃይሉን የቡድኑ መሪ ሳያጣራ አትግቡ። ውሃ ውስጥ ሞተር ከጠፋባችሁ ደግማችሁ አታስነሱ፤ ሲሊንደር ውስጥ ውሃ ከገባ ፒስተኑ ውሃን መጭመቅ ስለማይችል ሞተሩ ይበላሻል። በገመድ ተስባችሁ ውጡ።

መንገዱ አልቆ አስፋልቱ ጋ ስትደርሱ የሚቀር ሥራ አለ፣ ሰው ደክሞት የሚዘለው ደግሞ እዚህ ነው። ጎማችሁን መልሳችሁ ሙሉ፣ ቡሎኖቹን በመፍቻ አጥብቁ፣ ፍሬኑን ሁለት ሦስት ጊዜ ቀስ ብላችሁ ይዛችሁ አድርቁት። ከዚያ ፍጥነት ጨምራችሁ መሪው መንቀጥቀጥ ከጀመረ አትደንግጡ። መጀመሪያ ቸርኬው ውስጥ የተጣበቀውን ጭቃ በእንጨት ፍቁት። ካልቆመ ግን ቴስቲናውን ሳታሳዩ ረጅም መንገድ አትሂዱ።