ከሥር የሚሄድ እሳት

አባቴ በቅሎ አከራይ ነው። ደባርቅ ላይ ተራውን ጠብቆ የቱሪስት ጓዝ ይጭናል፤ ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ እያደረ ይመለሳል። እኔን ያስተማረኝ በዚያ ገንዘብ ነው። ስለዚህ መጋቢት 2011 ዓ.ም. የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በሰደድ እሳት ሲያያዝ፣ እኛ ቤት የተቃጠለው ጓዳችን ነበር።

ያን ጊዜ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በሄሊኮፕተር ነው። እሳቱ ጠፋ ተብሎ እንደገና ሲነሣ ከእስራኤል ባለሙያዎች መጡ፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር ተገኘ። ምስጋና ይገባቸዋል። እኔ ዓይን ላይ የቀሩት ግን ቆሎና እንጀራ ተሸክመው ዳገት የወጡ እናቶች፣ ገደል አፋፍ ላይ ነበልባሉን በእርጥብ ቅርንጫፍ የሚደበድቡ ጎረምሶች ናቸው። የአባቴ ሁለት በቅሎዎችም ያለ ኪራይ በጄሪካን ውኃ ሲያመላልሱ ሰነበቱ።

ያኔ የተማርኩትን አልረሳም። የጓሳ ሣር ላዩ ጠቁሮ ሲታይ ያለቀ ይመስላል፤ ሥሩ ውስጥ ግን ፍም ያድራል። የአስታ ጉቶም እንዲሁ ነው። «ጢስ የለም ብለህ አትመን፤ መሬቱን በእጅህ ዳስስ» ይለኝ ነበር አባቴ። ሌሊት ተራ ገብተን፣ የሞቀውን ቦታ በዶማ እየቆፈርን አፈር ስንመልስበት እናነጋለን።

እሳት በአብዛኛው የሚነሣው ከኑሮ ነው። ማር ቆራጭ ችቦውን በወጉ ሳያጠፋ ይሄዳል፤ እረኛ ለጋ ሣር እንዲበቅልለት ያረጀውን ይለኩሳል፤ ከሰል አክሳይ ጉድጓዱን ጥሎ ያድራል። እነዚህን ሰዎች በማሰር ብቻ ደን ይጠበቃል የሚል ሰው መንደር ውስጥ አልኖረም። ጎረቤት ጎረቤቱን አይጠቁምም።

የመንዝ ሰዎች የተሻለ መንገድ ያውቃሉ። ጓሳ የሚሉትን የሣር ምድራቸውን ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚሉት ሥርዓት ጠብቀውታል፤ አለቃ መርጠው ለዓመታት ይዘጉታል፤ ሣሩ ሲደርስ በተፈቀደው ቀን ገብተው ለቤት ክዳንና ለገመድ ያጭዱታል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ቢላላም መልሰው አቋቁመውታል። የዓመታት ድርሻውን የሚጠብቅ ሰው ያ ሣር ሲነድ ቆሞ አያይም። ይህን ሳስብ እቀናለሁ።

በእኛም አገር የሚሆን ነገር ነው። የበጋው ድርቀት ሳይበረታ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ወጣቶቹ እየተከፈላቸው የእሳት መከላከያ መስመር ይጥረጉ። ማር ቆራጩ ችቦውን ትቶ ፍሙን በክዳን የሚይዝ ጢስ ማጨሻ ያግኝ። በቅሎ የሌለው ቤትም ከተራራው የሚደርሰው ነገር ይኑር፤ የበቅሎ ተራ የሚመግበው ባለ በቅሎን ብቻ ነውና።

አሁን ደግሞ ባለ በቅሎውም ተቸግሯል። ከጦርነቱ ወዲህ ቱሪስት ሳስቷል፤ አባቴ አንዷን በቅሎ ሸጣት። ለቱሪስት ምግብ ያበስል የነበረ ጎረቤታችን አስታ እየቆረጠ ከሰል ማክሰል ጀምሯል። ባለፈው በጋ አባቴ ሊገሥጸው ተነሥቶ ሄደ፤ ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ።

«ምን አልከው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ምን ልበለው ልጄ? ደብተር የሚገዛላቸው አራት ልጆች አሉት» አለኝ። ከዚያ ዶማውን አንሥቶ፣ ጎረቤታችን ጥሎት የመጣውን የከሰል ጉድጓድ በእጁ ሊዳስስ ወጣ።