ካባው ላይ ያልነበረችው አረንጓዴ ዶቃ

ሙሽራው ጥቁር ከፋይ ካባ ለብሷል፣ ወርቃማ ጥልፍ ያለው፣ ከኋላው ጣና አለ፣ ራቅ ብሎ አንድ ሰውዬ ታንኳ እየቀዘፈ ያልፋል። ደረቱ ጋ አንዲት አረንጓዴ ነገር ብልጭ ትላለች። መጀመሪያ ዶቃ መስላኝ አልነካኋትም፣ ኋላ ላይ ግን ጥልፉ ሌላ ቦታ ምንም አረንጓዴ የለው ይቺ ከየት መጣች ብዬ ፎቶሾፕ ላይ ላጠፋት ጀመርኩ። አጠፋኋት፣ አለች። ደግሜ አጠፋኋት፣ አሁንም አለች። ሶስተኛ ላይ ተናድጄ ፎቶውን ወደ ጎን ስጎትተው ሙሽራው ሄደ እሷ ግን ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም፣ ታንኳ ቀዛፊው ጭንቅላት ላይ ጉብ አለች። ክው አልኩ። ላፕቶፑን ከገዛሁት ገና ሶስተኛ ቀኔ ነበር እኮ።

ስራዬ የሰርግ ካርድና አልበም ዲዛይን ነው። ባህርዳር ላይ ጥር ሲመጣ እንቅልፍ ሚባል ነገር የለም፣ አሮጌው ላፕቶፔ ደግሞ ልክ ጥር ሊገባ ሲል ሞተብኝ። ስለዚ ያለችኝን አራግፌ ጊዮርጊስ አካባቢ ካለ አንድ ሱቅ ካርቶኑ ያልተከፈተ አዲስ ገዛሁ። አገዛዜን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ሰአቱ መሽቷል፣ መብራት የለም፣ በር ላይ ጀነሬተር ያጓራል፣ ባጃጁ ውጪ እየጠበቀኝ ነው። ሰውየው ከፈተው፣ ነጭ ገፅ መጣ፣ ስክሪኑ ላይ ያለችውን ላስቲክ እንኳን ሳላነሳ "በጣም አሪፍ ነው" አልኩ። ከዛ "በደረሰኝ ከሆነ ቫት 15 ፐርሰንት ይጨመራል፣ ያለ ደረሰኝ ላርግልህ ወንድሜ?" አለኝ። እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ ያለ ደረሰኝ አልኩ።

ነጥቧን ያገኘሁ ቀን መጀመሪያ ቆሻሻ ናት ብዬ በመነፅር ጨርቅ ወለወልኳት። አልሄደችም። ስክሪንሾት አንስቼ በቴሌግራም ወደ ስልኬ ላኩትና ሳየው ስልኬ ላይ የለችም። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ችግሩ ፎቶው ላይ ወይ ሶፍትዌሩ ላይ ቢሆን ስክሪንሾቱ ላይም አብራ ትሄድ ነበር። ግን ምስሉን ወደ ስክሪኑ ሚልከው ግራፊክስ ካርዱስ ቢሆን ብዬ ደሞ ኤችዲኤምአይ ኬብል ይዤ ጎረቤት እትዬ ቤት ሄድኩ፣ ድራማቸውን አቋርጬ ቲቪው ላይ ሰካሁት። ላፕቶፑ ላይ አለች፣ ቲቪው ላይ የለችም። እትዬ "ምኑን ነው ምትፈልገው ልጄ፣ እኔ እኮ ምንም አይታየኝም" ይሉኛል። እንኳንም አልታየዎት እትዬ። ያኔ ነው ችግሩ ፓኔሉ፣ ማለትም ስክሪኑ ራሱ መሆኑን ያረጋገጥኩት።

ማታ ቁጭ ብዬ ሳነብ ነገሩ ገባኝ። የኔ ስክሪን 1920 በ1080 ነው፣ ሲባዛ 2,073,600 ፒክሰል ሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች፣ እያንዳንዱ ፒክሰል ውስጥ ደግሞ ቀይ አረንጓዴ ሰማያዊ ሚባሉ ሶስት ጭረቶች አሉ፣ በጠቅላላ ከ6 ሚሊዮን በላይ ማለት ነው። ከነዛ ሁሉ አንዷ አረንጓዴ አልጠፋም ብላ በርታ ቀርታለች። ስታክ ፒክሰል ይሏታል። ዴድ ፒክሰል ሚባለው ሌላ ነው፣ እሱ ጭራሽ አይበራም፣ ነጭ ላይ እንደ ዝንብ ኩስ ጥቁር ሆኖ ይታያል። የኔዋ ተቃራኒ ናት። ነጭ ላይ ሶስቱም ቀለም መብራት ስላለበት እሷም አብራ በርታ ትደበቃለች፣ ሱቅ ውስጥ ያላየኋት ለዛ ነው። ጥቁር ስታደርጉት ግን አረንጓዴ ሆና ትፈጣለች፣ ቀይ ላይ ቢጫ ትሆናለች፣ ሰማያዊ ላይ ደግሞ ውሃ ሰማያዊ። የስልኬን ካሜራ አስጠግቼ ዙም ሳደርገው ቁልጭ ብላ ታየች፣ ጨለማ ውስጥ አንድ ቤት ብቻ መብራት ያልጠፋበት ሰፈር ነው ምትመስለው።

ለማዳን ያልሞከርኩት የለም ማለት ይቻላል። ቀለም በፍጥነት ሚቀያይር ቪዲዮ አለ፣ ነጥቧ ያለችበት ቦታ ላይ ከፍታችሁ ትተዉታላችሁ፣ ስታክ ከሆነ አንዳንዴ ይለቃል ይባላል፣ ዴድ ላይ ግን አይሰራም። (ሚጥል በሽታ ያለበት ሰው እንዳያየው፣ ብልጭታው በሽታውን ሊያስነሳበት ይችላል።) ሁለት ሌሊት ከፍቼው አደርኩ፣ አንዱን ሌሊት መብራት ሄዶ ባትሪው እስኪያልቅ ሰራ፣ እሷ ወይ ፍንክች። ፖሊ ግቢ ሚማር ጓደኛዬ "በጨርቅ ጠቅልለህ በጣትህ ጫን ጫን አርጋት" አለኝ። አንድ ጠጋኝም የእስክሪብቶ ክዳን ይዞ ሊጫናት ሲል ከእጁ ነጠቅኩት። አንዳንድ ሰው ሰርቶልኛል ይላል፣ ግን ሲጫኑት ስክሪኑ ላይ ሚቀር ነጭ ጠባሳ አለ፣ እሱ ከመጣ ደሞ ሱቁ "አንተ ነህ ያበላሸኸው" ቢለኝ ምን እመልሳለሁ? ልትመልሱት ያሰባችሁትን እቃ ማንም እንዲነካው አትፍቀዱ።

በአምስተኛው ቀን ላፕቶፑን በጋቢ ጠቅልዬ ባጃጅ ላይ ታቅፌው ሄድኩ። እቃ ልመልስ ብሎ ሱቅ ባዶ እጅ አይኬድም፣ እኔ ግን ሁለት ነገር ነበረኝ። አንደኛው ነጥቧን ያገኘሁ ቀን ያነሳኋት ቪዲዮ ነው፣ ሁለተኛው በሞባይል ባንኪንግ የከፈልኩበት ሜሴጅ፣ ቀኑና ብሩ ያለበት። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ላይ ጉድለት ያለበት እቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይ ብሬ ይመለስልኝ ማለት እንደሚችል አይቻለሁ፣ ግን ያለ ደረሰኝ የገዛ ሰው አዋጅ ሲጠቅስ ትንሽ ያፍራል፣ እውነቴን ነው።

ሰውየው ላስቲኩን አንስቶ አየና "ይቺን ነጥብ ብለህ ነው? ኧረ ባክህ! ይሄ እኮ ከፋብሪካም ይፈቀዳል" አለኝ። ሚያናድደው ደግሞ ውሸት አይደለም። በ2001 እኤአ የወጣ አይኤስኦ 13406-2 ሚባል አለም አቀፍ የስክሪን መስፈርት ነበረ፣ ብዙ ካምፓኒ ሚጠቀምበት ሁለተኛው ክላስ ላይ በየአንድ ሚሊዮን ፒክሰሉ ሁለት ሁሌ ሚበራ፣ ሁለት ሁሌ ጥቁር፣ እንደኔዋ አይነት ጭረት ደግሞ አምስት ይፈቅዳል። በዛ ስሌት የኔ ስክሪን አስር ይዞም ያልፍ ነበር ማለት ነው! በ2008 እኤአ በሌላ መስፈርት ተተክቷል፣ ግን ብዙ አምራች አሁንም ከተወሰነ ቁጥር በታች ከሆነ አልቀይርም ይላል። ስለዚ በመስፈርት ብከራከር እሸነፍ ነበር።

ክርክሩን ተውኩት። "ጋሼ፣ እኔ ፎቶ ነው ምሰራው፣ እስቲ እርሶ ራሶ ይዩት" ብዬ ያን የሙሽራ ፎቶ ከፈትኩለት። ሱቁ ውስጥ ምትሰራው ልጅ ቀድማ "ውይ ዶቃው ያምራል" አለች። ፎቶውን ጎተትኩት። "እንዴ!" አለች። ሰውየው ሳቀ፣ ከሳቀ በኋላ ነገሩ ቀለለ፣ "እስቲ ያንን ሌላውን አምጪለት" አላት።

አሁን ተምሬያለሁ። ፔይንት ላይ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ አምስት ምስል ሰርቼ በፍላሽ ይዤ ነበር፣ ላስቲኩን አስነሳሁ፣ ብራይትነሱን ጥግ አደረስኩ፣ እያንዳንዱን ሙሉ ስክሪን አርጌ ከግራ ወደ ቀኝ መስመር በመስመር አየሁት። ነጥብ የለም። ጥቁሩን ለማየት ግን ሱቁ በጣም ብርሃን ስለሆነ ጋቢዬን ከነላፕቶፑ ተከናንቤ ተቀመጥኩ። ደንበኛ ይገባል፣ "ምን ሆኖ ነው ልጁ?" ይላል፣ ልጅቷ "እየታጠነ ነው" ትላለች። ጋቢ ውስጥ ሆኜ ሳየው ግራ ታችኛው ጥግ ላይ ፈዘዝ ያለ ብርሃን ያፈሳል። ባክላይት ብሊድ ሚሉት ነው፣ ስክሪኑን ከኋላ ሚያበሩት መብራቶች ያሉት ጠርዙ ላይ ስለሆነ ፍሬሙ ትንሽ ከተጣመመ ወይ ከጠበቀ በዛ በኩል ይሾልካል። ጭንቅላቴን ወዲህ ወዲያ ሳደርግ ከቦታው አልሄደም። ከናንተ ጋር ሚንቀሳቀስ ከሆነ አይፒኤስ ሚባለው የስክሪን አይነት ባህሪ ነው፣ ጉድለት አይደለም። በስልክ ፎቶ ስታነሱት ደግሞ ስልኩ ብርሃን ስለሚጨምር ከእውነቱ በላይ ይከፋል፣ በፎቶ ብቻ አትፍረዱ።

ሌላ ሶስተኛ እቃ አልነበራቸውም። አሰብኩ፣ ጥጉ ታስክባሩ ያለበት ቦታ ነው፣ ጨለማ ውስጥ ፊልም ካላየሁ አይታይም፣ ነጥቧ ግን በየሙሽራው ፊት ላይ ልትዞር ነው። ወሰድኩት። ዘንድሮስ ብዬ ቫቱንም ጨምሬ ከፍዬ ደረሰኝ አስቆረጥኩ፣ አንጀቴ እያረረ፣ ሲሪያል ቁጥሩንም እላዩ ላይ አስፃፍኩ።

አልበሙን በሳምንቱ አስረከብኩ። የሙሽራው እናት ናቸው ሊወስዱ የመጡት፣ ካባውን ያሰፉት እሳቸው ኖረዋል። መነፅራቸውን አርገው ገፅ በገፅ ሲያዩ አንዷ ፎቶ ላይ ቆሙ፣ ጣታቸውን ደረቱ ላይ አርገው "ልጄ፣ እዚች ጋ ጥልፉ ምነው ተቆረጠ?" አሉኝ። ነጥቧን ላጠፋ ደጋግሜ የፋቅኩትን ፋይል ነበር ያሳተምኩት።